ኮዱ ደህና ነው፤ ሥራው ግን ወደቀ

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ የመጋዘን መረጃ ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ አንደኛ ሆኖ ሲሠራ የነበረው ነገር ክላስተሩ ላይ ስልከው ይወድቅብኛል። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት። ምንም የለበትም» አለችኝ። ድምጿ ላይ እልህም ድካምም ነበር።

«አብሽሪ» አልኳትና ጠየቅኋት። «የትኛው ማሽን ላይ ነው የወደቀው?»

«እንዴ፣ ሰርቨሩ ላይ ነዋ!»

ክላስተር ግን አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ ነው፤ የእሷ ሰርቨሮች ሦስት ናቸው።

እኔ ደሴ እኖራለሁ፤ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ከብዙ ወጣቶች ጋር ተቀምጬ የወደቀ ሥራ መርምሬያለሁ። ከወደቁት አብዛኞቹ ኮዳቸው ደህና ነበር። ችግሩ ኮዱ የተጻፈበት ቦታና ኮዱ የሚሮጥበት ቦታ መለያየታቸው ነው። ማሽኑ ሌላ፣ ዩዘሩ ሌላ፣ ሜሞሪው ሌላ፣ አንዳንዴ ሰዓቱም ሌላ። ኮንፊገሬሽን የምንለው ነገር በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለ የውል ወረቀት ነው። ውሉ ላይ አንድ ቃል ከተሳሳተ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው አይሄድም።

ዝሆኑና ነጂው

ለጀማሪዎች ትንሽ ወደኋላ ልበል። መረጃው አንድ ማሽን ላይ አልይዝ ሲል፣ ወይም አንድ ማሽን ብቻውን ሲሠራው ቀናት ሲፈጅ፣ ለብዙ ማሽኖች እናከፋፍለዋለን። ሃዱፕ የሚባለው ሶፍትዌር የተወለደው ለዚህ ነው። ራሱን ችሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ዳግ ከቲንግ ስሙን የወሰደው ከልጁ የዝሆን አሻንጉሊት ነው። ሃዱፕ አንድን ትልቅ ፋይል 128 ሜጋባይት፣ 128 ሜጋባይት እያደረገ ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ሦስት ቦታ ገልብጦ ያስቀምጣል። አንድ ጊጋባይት ፋይል ስምንት ቁራጭ ይሆናል፤ ከነቅጂው ሃያ አራት። ይህን ማከማቻ ኤችዲኤፍኤስ ይሉታል። የትኛው ማሽን የትኛውን ቁራጭ እንደያዘ የሚያውቀው መዝገብ ያዥ ደግሞ ኔምኖድ ይባላል። ያርን የሚባለው ሌላው ክፍል ሜሞሪና ፕሮሰሰር እያከፋፈለ ለሥራዎቹ ቦታ ይሰጣል።

አንድ ሥራ ብቻውን ግን ብዙ አይጠቅምም። መጀመሪያ መረጃው ይገባል፣ ይጸዳል፣ ይደመራል፣ ከዚያ ሪፖርት ይወጣል። ይህን ሰንሰለት የሚነዱ መሣሪያዎች አሉ። ኡዚ አንዱ ነው። ስሙ በበርማ ቋንቋ የዝሆን ነጂ ማለት ነው። ኤርፍሎው ሌላው ነው፤ አሁን አሁን ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። የኔ ምሳሌዎች ባብዛኛው ከኡዚና ከያርን የመጡ ናቸው። ያደከሙኝ እነሱ ናቸውና። ባሕርዩ ግን በሌሎቹም ያው ነው።

«እዚህ» ማለት የት ነው?

ደሴ ፒያሳ ተቀምጣችሁ ኮምቦልቻ ላለ ወንድማችሁ ደብዳቤ ጻፋችሁ እንበል። «ጆንያውን እዚህ ካለው መጋዘን ውሰድ» አላችሁት። ወንድማችሁ ደብዳቤውን የሚያነበው ኮምቦልቻ ሆኖ ነው። «እዚህ» የሚለውን ሲያይ ያለበትን ቦታ ነው የሚያስበው። ዞሮ ዞሮ መጋዘኑን ያጣዋል። እናንተ አልዋሻችሁም፣ እሱም አልተሳሳተም። ቃሉ ነው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ትርጉሙ የተቀየረው።

በኮምፒውተር ቋንቋ «እዚህ» የሚለው ቃል ሎካልሆስት ይባላል። ላፕቶፕ ላይ ስንለማመድ ኔምኖዱም፣ ያርኑም፣ ዳታቤዙም ሁሉም አንድ ማሽን ላይ ስለሆኑ «ሎካልሆስት» ብለን እንጽፋለን፤ ይሠራልናል። ያንኑ ፋይል ወደ ክላስተሩ ስንወስደው ሥራውን የሚያነሳው ያርን በመረጠው ማሽን ላይ ነው። ዛሬ አንደኛው፣ ነገ ሦስተኛው። ሦስተኛው ማሽን «ሎካልሆስት» ሲያነብ ራሱን ያንኳኳል። ቤቱ ባዶ ነው። ያኔ «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» የሚለው መልእክት ይመጣል።

በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የሚወድቅ ሥራ ነው። ሰው «ኔትወርኩ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ያርን ሥራውን ዳታቤዙ ያለበት ማሽን ላይ ሲጥለው ይሳካል፤ ሌላ ላይ ሲጥለው ይወድቃል። «ሦስቴ ሞክሬ አንዴ ሠራልኝ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ሎካልሆስት የሚለውን ቃል ነው።

የመልእክቶቹን ልዩነት ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ማለት ቤቱ ድረስ ደርሳችኋል፤ በዚያ በር ግን የሚከፍት የለም ማለት ነው። ወይ አገልግሎቱ አልተነሳም፣ ወይ የበሩን ቁጥር ተሳስታችኋል። «ታይም አውት» ሲሆን ጥሪው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ፋየርዎል ወይም የተሳሳተ አድራሻ ይታየኛል። «አንኖውን ሆስት» ከሆነ ደግሞ የሰፈሩን ስም የሚያውቅ ጠፍቷል። ሦስቱም «አልተገናኘም» ቢባሉም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

የበር ቁጥር ካነሳሁ አይቀር፤ ፖርት የምንለው ማለቴ ነው። ኔምኖድ ብዙ ጊዜ 8020 ላይ ነው ያለው። ብዙ የመለማመጃ ጽሑፎች ግን 9000 ይላሉ። አንዱን ከአንዱ ጽሑፍ፣ ሌላውን ከሌላ ገልብጣችሁ ከሆነ አይገናኙም። ያርን ሥራ የሚቀበለው 8032 ላይ ነው። 8088 በብራውዘር የምናየው ገጽ ነው። ገጹ ስለተከፈተላቸው ብቻ የኡዚ ፋይል ላይ 8088 ብለው የሚጽፉ ብዙ ልጆች አይቻለሁ። በሩ በር ነው፤ ግን የእንግዳ በር ነው፣ ዕቃ አይገባበትም።

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እነዚህ ሲስተሞች ሲጫኑ «ሆስትስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ የማሽኑን ስም 127.0.1.1 ከሚል አድራሻ ጋር ሊያስሩት ይችላሉ። ይህም «እዚህ» ማለት ነው፣ በሌላ አጻጻፍ። ኔምኖዱ በራሱ ስም ሲነሳ በውስጥ በኩል ብቻ በሩን ይከፍታል። ሌሎቹ ማሽኖች ከውጭ ያንኳኳሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ያንን መስመር አውጥታችሁ የማሽኑን እውነተኛ የኔትወርክ አድራሻ ጻፉበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ምንም ኤረር የማያሳየው ነው። «ኮር ሳይት» የሚባለው ፋይል ዋናው ማከማቻ የት እንደሆነ ይናገራል። ፋይሉ ካልተነበበ ወይም ያ መስመር ከሌለበት፣ ሃዱፕ የማሽኑን የራሱን ዲስክ ዋና ማከማቻ አድርጎ ይወስደዋል። ሥራው «ተሳክቷል» ይላችኋል። ውጤቱን ኤችዲኤፍኤስ ላይ ስትፈልጉ የለም። ከማሽኖቹ አንዱ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል።

ኡዚ ላይ አዲስ የሆነ ሰው ሌላም የቦታ ግራ መጋባት ይገጥመዋል። የሥራው ቅደም ተከተል የተጻፈበት የወርክፍሎው ፋይል ኤችዲኤፍኤስ ላይ መቀመጥ አለበት። መለኪያዎቹን የያዘው የጆብ ፕሮፐርቲስ ፋይል ግን ትእዛዙን በምትሰጡበት ማሽን ላይ ነው። ሰው የወርክፍሎውን ፋይል ላፕቶፑ ላይ ያስተካክላል፤ ወደ ኤችዲኤፍኤስ መልሶ መስቀሉን ይረሳል። ከዚያ የድሮው ፋይል እየሮጠ «አስተካክዬው የለ እንዴ!» እያለ ይናደዳል። ባስተካከላችሁ ቁጥር መልሳችሁ ስቀሉ።

የላይኛውን አትመኑ

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «ኤረሩ ምን ይላል?» አልኳት። «ዋናው ክላስ በኮድ 1 ወጣ ነው የሚለው» አለች። ይህ መልእክት ምንም አይናገርም። አንድ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ «ታምሜያለሁ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ኡዚ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ኡዚ ከባዱን ሥራ ራሱ አይሠራም። መልእክተኛ ይልካል። ላውንቸር ይባላል። ላውንቸሩ ክላስተሩ ላይ ቦታ ይይዝና እውነተኛውን ሥራ ያስነሳል። እውነተኛው ሥራ ሲወድቅ ላውንቸሩ ለኡዚ «ወድቋል» ብቻ ይለዋል። ዝርዝሩ የቀረው ሥራው በነበረበት ማሽን ላይ፣ በኮንቴይነሩ (ያርን ለሥራው በሰጠው ቦታ) ሎግ ውስጥ ነው፤ ሎግ ፕሮግራሙ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ስለዚህ ከኡዚ ገጽ ላይ የአፕሊኬሽኑን ቁጥር ያዙና «ያርን ሎግስ» በሚለው ትእዛዝ ሎጉን አውጡት። መልእክተኛውንም ዋናውንም፣ የሁለቱንም እዩ።

ሎጉ አልወጣ ካለ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከየማሽኑ ሎጎችን አንድ ቦታ የመሰብሰብ ተግባር ሃዱፕ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። «ያርን ሳይት» በሚባለው ፋይል ውስጥ ካላበራችሁት ሎጉ በየማሽኑ ተበታትኖ ይቀራል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ይጠፋል። አዲስ ክላስተር ስትተክሉ ከምንም በፊት ይህን አብሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት እንደባከነብኝ ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ሎጉ ሲገኝ ደግሞ ርዝመቱ ያስደነግጣል። የጃቫ (ሃዱፕ የተጻፈበት ቋንቋ) ኤረር አምሳ፣ መቶ መስመር ሊሆን ይችላል። ሰው የመጀመሪያውን መስመር ያነብና ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይጀምራል። የመጀመሪያው መስመር ግን የሚናገረው ስለ መጨረሻው ተበዳይ ነው። ወደታች ውረዱ። «ኮዝድ ባይ» የሚል ታገኛላችሁ። በሱ ሥር ሌላ «ኮዝድ ባይ» አለ። ከሁሉም በታች ያለው ነው ብዙ ጊዜ የነገሩ መነሻ። ልክ ሽማግሌዎች ጠብ ሲያስታርቁ «ከዚያ በፊትስ ምን ሆነ? ከዚያስ በፊት?» እያሉ እንደሚወርዱት ነው።

በማን ስም?

«ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚለው መልእክት ጥሩ መልእክት ነው። ማን፣ ምን ሊያደርግ፣ የት ላይ እንደተከለከለ በስም ይነግራችኋል። ሦስቱን አንብቡ። እናንተ በራሳችሁ ስም የላካችሁት ሥራ «ያርን» ወይም «ኡዚ» በሚባል ዩዘር ስም ሲሮጥ ታዩታላችሁ።

ብዙዎች የሊኑክስ ልምዳቸውን ይዘው ይመጡና «ሩት ሆኜ ልሞክረው» ይላሉ፤ ሩት የሊኑክስ የበላይ ዩዘር ነው። ኤችዲኤፍኤስ ላይ ሩት እንደማንኛውም ሰው ነው። እዚያ የበላይ የሆነው ኔምኖዱን ያስነሳው ዩዘር ነው፤ ብዙ ጊዜ «ኤችዲኤፍኤስ» በሚል ስም ይጠራል። መፍትሔው በዚያ ዩዘር ሆኖ ለሠራተኛው የራሱን ፎልደር መክፈትና ባለቤትነቱን ወደሱ ማዞር ነው። ሁሉንም ነገር 777 አድርጎ፣ ማለትም ለማንም ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ፣ መክፈት ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቁልፍ ጠፋ ብሎ በሩን ነቅሎ መጣል ነው። ያኔ ሥራው ይሄዳል። ነገ የአንዱ ስክሪፕት የሌላውን መረጃ ሲያጠፋ ማን እንዳደረገው አታውቁም።

ኡዚ በእናንተ ስም ሥራ እንዲያስገባ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ፈቃድ «ኮር ሳይት» ላይ «ፕሮክሲ ዩዘር» በሚሉ ሁለት መስመሮች ይጻፋል፦ ከየትኞቹ ማሽኖች፣ ለየትኞቹ ቡድኖች። ካልተጻፈ «ኡዚ እከሌን ወክሎ መግባት አይፈቀድለትም» የሚል መልእክት ይመጣል። ያለ ውክልና ወረቀት የሰው ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ እንደ መሄድ ነው። መስመሮቹን ጨምሩና አገልግሎቶቹን እንደገና አስነሱ። ፋይሉን መቀየር ብቻውን አይበቃም።

ሜሞሪ፦ ስንት ጠየቅን፣ ስንት ተሰጠን

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቁጠር። እኛ አካባቢ ያሉት ክላስተሮች ትንንሽ ናቸው። ሦስት ማሽኖች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አላቸው። ለሲስተሙ ሁለቱን ትተን ለያርን 6 ጊጋባይት፣ ማለትም 6144 ሜጋባይት ሰጠነው።

አንድ ልጅ ስፓርክ በሚባለው የመረጃ ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር ላይ «ለእያንዳንዱ ሠራተኛ (ሥራውን ለሚካፈለው ፕሮግራም ማለቱ ነው) 4 ጊጋባይት ስጥልኝ» ብሎ ጻፈ። ስፓርክ ያንን ብቻ አይጠይቅም። ከጃቫው ውጭ ላለው ፍጆታ መጠባበቂያ ይጨምራል፦ 10 በመቶ፣ ከ384 ሜጋባይት ግን የማያንስ። 4096 ላይ 409 ሲደመር 4505 ይሆናል። ያርን ደግሞ በተለመደው አሠራሩ በ1024 ብዜት እያጠጋጋ ነው የሚሰጠው። ወደላይ ያጠጋጋዋል፤ 5120 ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ማሽን ላይ አንድ ሠራተኛ ብቻ ይገባል። 1024 ሜጋባይት ያለ ሥራ ይተርፋል።

ያው ልጅ 2560 ሜጋባይት ቢጠይቅስ? 10 በመቶው 256 ነው፤ ከ384 ስለሚያንስ 384 ይጨመራል። 2944 ይሆናል። ሲጠጋጋ 3072። ሁለቱ 6144። ማሽኑ ላይ ልክክ ብለው ሁለት ሠራተኞች ይገባሉ። የጃቫው ሜሞሪ ሲደመር 5120 ነው። መጀመሪያ ከነበረው 4096 በአንድ ጊጋባይት በለጠ። ማሽኑ ያው፣ ኮዱ ያው። ቁጥሩን ብቻ አሳነስነው፤ ያገኘነው ጨመረ። (ሥራውን የሚመራው አፕሊኬሽን ማስተርም ከማሽኖቹ በአንዱ ላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እዚያ ማሽን ላይ ሁለተኛው ሠራተኛ ላይገባ ይችላል። ስትቆጥሩ እሱንም አትርሱ።)

የሜሞሪ ኤረሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ኮንቴይነሩን ክፍል፣ የጃቫውን ሜሞሪ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ጆንያ አድርጋችሁ አስቡት። «ጃቫ ሂፕ ስፔስ» የሚል ከመጣ ጆንያው ሞልቷል። ክፍሉ ውስጥ ገና ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ጆንያውን አሳድጉት። «ከተፈቀደለት ሜሞሪ አልፏል» ተብሎ ኮንቴይነሩ ከተገደለ፣ በኮድ 143 ወይም 137 ከወጣ፣ ክፍሉ ራሱ ጠቧል። ይህን ጊዜ ጆንያውን ማሳደግ ነገሩን ያባብሰዋል። ጆንያው ከክፍሉ ወደ 80 በመቶ ያህሉን ቢይዝ ደህና ነው። የቀረው ለመተንፈሻ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት አለ። ኤረር የለውም። ሥራው «አክሴፕትድ» እንዳለ ሰዓታት ይቆማል። «ተቀብለነዋል» ይላል፤ አይጀምርም። ይህ በኡዚ ላይ ልዩ ምክንያት አለው።

መናኸሪያ ላይ አንድ አውቶቡስ ቆሟል እንበል። አምስት ሰዎች ቀድመው ገብተው ለዘመዶቻቸው ወንበር ሊይዙ ተቀመጡ። «ዘመዴ ሳይቀመጥ አልነሳም» ይላል እያንዳንዱ። ወንበሮቹ በያዦቹ ሞሉ። ዘመዶቹ በር ላይ ቆመዋል። ማንም አይነሳም፣ ማንም አይገባም። የኡዚ ላውንቸሮች እንዲህ ናቸው። ቦታ ይዘው እውነተኛው ሥራ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። አምስት ወርክፍሎ በአንድ ጊዜ ካስነሳችሁ ላውንቸሮቹ ወረፋውን ይሞሉታል። እውነተኞቹ ሥራዎች ቦታ አጥተው ይቆማሉ።

ትንሽ ክላስተር ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል። ካፓሲቲ ስኬጁለር የሚባለው የያርን ቦታ አከፋፋይ፣ ካልነገራችሁት በስተቀር፣ ለሥራ መሪዎች የሚፈቅደው ከጠቅላላው 10 በመቶ ብቻ ነው። ከ18 ጊጋባይት 1.8 ማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት የሥራ መሪ ገብቶ ያበቃል። ያንን ቁጥር ከፍ አድርጉት፤ ከሁሉም በላይ ግን ለላውንቸሮች የተለየ ወረፋ ክፈቱላቸው። ወንበር ያዦቹ በሌላ አውቶቡስ ይቀመጡ።

ሰዓቱ የማን ነው?

ይህ ክፍል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የማታ ሥራ አዘጋጀሁ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይሂድ፤ ሰው በማይኖርበት» ተባለ። እኔም ፋይሉ ላይ 8 ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ሲስተሙ በሙሉ ተንቀራፈፈ። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። ኡዚ ደግሞ ካልነገራችሁት በስተቀር ሰዓቱን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ዜሮ ሰዓት ነው። እኛ ከሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። እኔ 8 ብዬ ስጽፍ እሱ የተረዳው በፈረንጅ 11፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 5 ነው። ትክክለኛው 23 ነበር። ያውም በዋዜማው ቀን!

ይህ የዋዜማ ነገር ሌላ መዘዝ አለው። ሥራው ሲነሳ በእኛ ቀኑ ገብቷል። በኡዚ ግን ገና ትናንት ነው። «የዛሬውን ፎልደር አንብብ» ስትሉት የትናንቱን ይከፍታል። ኤረር የለም፤ ሪፖርቱ አንድ ቀን ወደኋላ ሆኖ ይወጣል። ማንም ሳያውቅ ወር ሊሄድ ይችላል። የሰዓት ቀጠናውን በግልጽ ጻፉ፤ ከጎኑም በእኛ ሰዓት ስንት እንደሆነ በማስታወሻ አስቀምጡ።

ቀኑም አለ። የመጋዘን መዝገብ የሚሞላው በእኛ ካሌንደር ነው። 2017-13-05 ብሎ የሚጻፍ ቀን አለ፤ ጳጉሜን 5። የጃቫ የድሮው ቀን አንባቢ ካልከለከላችሁት በስተቀር ይህን ሲያይ አይወድቅም። «13ኛ ወር የለም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ወር ይሆናል» ብሎ 2018-01-05 ያደርገዋል። የጳጉሜን ሽያጭ በጸጥታ ሌላ ዓመት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀኖችን ልክ እንደገቡ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጧቸው። በመካከል ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ካሌንደር ይሂድ። ሪፖርቱ ሲወጣ ወደ እኛ መልሱት።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ደግሞ የአሮጌ ማሽን ሰዓት ወደኋላ ሊሸሽ ይችላል፤ እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ከሆነ። ያርን ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር የሚሰጠው የይለፍ ወረቀት የጊዜ ገደብ አለው። ሰዓታቸው የተለያየ ማሽኖች «ቶክኑ ጊዜው አልፏል» ይላሉ። ሰው ይህን ሲያይ የደህንነት ችግር ይመስለዋል። ሰዓት የሚያመሳስል አገልግሎት በሁሉም ማሽኖች ላይ አብሩ፣ ባትሪዋንም ቀይሯት።

መብራት ከመጣ በኋላ

ከመብራት መጥፋት በኋላ ክላስተሩ ሲነሳ «ኔምኖድ ሴፍ ሞድ ላይ ነው» ይላል። አትደንግጡ። ኔምኖድ ሲነሳ ማሽኖቹ የያዙትን ቁራጭ እስኪያሳውቁት ይጠብቃል። 99.9 በመቶው እስኪደርሰው ድረስ መጻፍ አይፈቅድም። ጠብቁት። ካልለቀቀ ብዙ ጊዜ ያልተነሱ ማሽኖች አሉ ማለት ነው፤ እነሱን አስነሱ። በጉልበት ከሴፍ ሞድ ማስወጣት የሚል ትእዛዝ አለ። ማሽኖቹ ሳይነሱ እሱን መጠቀም ግን ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ሩጥ እንደማለት ነው።

ትንንሾቹን ልጥቀስና ልለፍ። «ክላስ ኖት ፋውንድ» ሲመጣ ላይብረሪው እናንተ ጋ አለ፣ ሥራው በሚሮጥበት ማሽን ላይ ግን የለም። ኡዚ ላይ ከሆነ የጋራ ላይብረሪውን እንዲጠቀም የሚነግረው መስመር ተረስቶ ሊሆን ይችላል። «ኖ ሰች ሜተድ» ከሆነ ደግሞ ላይብረሪው አለ፤ ያውም ብዙ ጊዜ በሁለት የተለያዩ ቨርዥኖች። በዊንዶውስ የተጻፈ ስክሪፕት በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ፋይሉ ፊታችሁ ተቀምጦ ሊኑክስ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላችኋል። ከአድራሻ በኋላ የተረሳች አንዲት ባዶ ቦታም እንዲሁ ታደርጋለች። በዓይን አትታይም፤ ደምቃ እንድትታይ የሚያደርግ ኤዲተር ተጠቀሙ።

ፋይሉን አስተካክዬ ምንም አልተለወጠም ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ጥሩ መንገድ አለ። የሃዱፕ አገልግሎቶች በብራውዘር በሚከፈተው ገጻቸው ላይ «ኮንፍ» የሚል ንዑስ ገጽ አላቸው። አገልግሎቱ አሁን በእርግጥ የሚሠራበትን ቁጥርና ከየትኛው ፋይል እንዳነበበው ይነግራችኋል። እናንተ የጻፋችሁት አንድ ነገር፣ እሱ ያነበበው ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ምናልባት ሦስቱም ማሽኖች ላይ አልቀየራችሁትም፤ ምናልባት እንደገና አላስነሳችሁትም።

ልጅቷ በዚያ ማታ ሎጉን አውጥታ ወደታች ወረደች። የመጨረሻው «ኮዝድ ባይ» ላይ «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» አለ፤ ከጎኑም ሎካልሆስት። የዳታቤዙ አድራሻ ነበር። ቀየረችውና መልሳ ሰቀለችው፤ ሥራው ሄደ።

በሳምንቱ መልሳ ደወለች። ገና ሰላም ሳልላት «ጋሼ፣ ሁለተኛው ማሽን ላይ ነው» አለችኝ። ያርን ማሽኑን «ጤና የለውም» ብሎ ከሥራ አስወጥቶታል። ዲስኩ 91 በመቶ ሞልቷል፤ ያርን ደግሞ 90 ያለፈ ዲስክ አይቀበልም። የድሮ ሎጎች ነበሩ፣ እሷ ራሷ ያጠራቀመቻቸው። እያወራን እያለ ግማሹን አጠፋች። ትንሽ ቆየችና «ተመለሰ» አለች።